ቀን የሚያልቀው ሲነጋ ነው

አቶ ለይኩን የእኔን ዓረፍተ ነገር የራሳቸው አድርገው ሲያወሩ የሰማሁት፣ ከጊዮርጊስ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ላይ ባለ አዲስ ኬክ ቤት፣ ባንኮኒው አጠገብ ቆሜ ማኪያቶ ስጠብቅ ነው። ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ፀጉራቸው ሳስቷል፤ ከዘራ ይዘዋል፤ ድምፃቸው ግን ያው የድሮው ነው፤ አድማጭ እንደማያጣ እርግጠኛ የሆነ ሰው ድምፅ። አጠገባቸው ለቆመ አንድ ጎልማሳ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ያለው የእንግዶች ክፍል፣ ዛሬ ሰው ሁሉ ላውንጅ የሚለው፣ ለማን እንደሚከፈትና በማን ላይ እንደሚዘጋ ያስረዱታል።

«ከአንዱ አየር መንገድ ወርዶ በአጋሩ የሚቀጥል መንገደኛ፣ ድሮ እኩለ ሌሊት ሲሆን ውጣ ይባል ነበር» አሉት። «ቀኑ አልቋል ተብሎ! ተው ያልኳቸው እኔ ነኝ። ቀን የሚያልቀው ሲነጋ ነው አልኳቸው። ስብሰባው ሙሉ አጨበጨበ።»

«ታዲያ ጋሼ፣ አጃቢስ ለምን አያስገቡም?» አለ ጎልማሳው እየሳቀ። «ባለፈው እኔ ገብቼ ሚስቴ በር ላይ ቀረች። እስከ ዛሬ አልታረቅንም።»

«እሱን የጨመረው ሌላ ነው» አሉ አቶ ለይኩን፣ ኬካቸውን በሹካ እየከፈሉ። «የትኛው ልበ ደረቅ እንደጻፈው አላውቅም።»

ማኪያቶዬ መጣ። ሁለቱንም ዓረፍተ ነገሮች የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ወስደውብኛል፤ ሁለተኛውን ደግሞ ባለቤት አልባ አድርገው ባንኮኒ ላይ ትተውታል። ይህን እዚያው፣ በሰው ፊት፣ ልነግራቸው እችል ነበር። አልነገርኳቸውም። በዚያ ቀን የያዝኩት ጉዳይ የአንዲት ሴት ዓይን ነበር፤ ከእኔ ስም ይልቅ እርሱ ይቸኩል ነበር። የጠጣሁበትን ከፍዬ ስወጣ ብቻ በአጠገባቸው አለፍኩና «ጤና ይስጥልኝ፣ አቶ ለይኩን» አልኳቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ። «ይቅርታ፣ ማን ልበል?» አሉ። «የድሮ ደንበኛ» ብዬ ወጣሁ።

እኔና አቶ ለይኩን የሠራንበት ትኬት ቢሮ የነበረው ዛሬ ሰፊ የእግረኛ መንገድና የአበባ መደብ በሆነው ቦታ ላይ ነው። ሕንጻው ባለ አንድ ፎቅ፣ የእንጨት መዝጊያዎቹ አረንጓዴ፣ በረንዳው የተጠማዘዘ ብረት ነበር። ቢሮው የአንድ የውጭ አየር መንገድ ወኪል ነው፤ ስሙን አልጠራም፤ ዛሬ በዚያ ስም የሚበር አውሮፕላንም የለም። በስተግራችን ወርቅ ቤት፣ በስተቀኛችን ካሴት ቤት ነበር። ካሴት ቤቱ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ አንዱን ዘፈን ሰው እስኪሰለቸው ሳይሆን ሰው እስኪገዛው ድረስ ይደጋግመዋል፤ ስለዚህ አንድ ሙሉ ክረምት የቆረጥኳቸው ትኬቶች ሁሉ በትዝታዬ ውስጥ የሚመጡት በአንዲት ሴት እንጉርጉሮ ታጅበው ነው። ማኪያቶ አንድ ብር አይሞላም ነበር። ጫማ ማስጠረግ ስሙኒ ነበር። ሚሊፎኒ የሚበላው ቅዳሜ ብቻ ነው፤ በሥራ ቀን ብትበላ ዱቄቱ ጥቁር ኮት ላይ ይራገፍና ለአለቃህ ይመሰክርብሃል። ሴቶቹ ትከሻው በስፖንጅ ያበጠ ኮት እንለብሳለን፤ ፀጉራችንን በቢጉዲን ጠቅልለን እናድራለን። ወንዶቹ የሱሪያቸውን መስመር በካውያ እንደ ቢላ ያሾሉታል። ያን ዘመን ያማረ ነበር የሚሉ እኩዮቼ አሉ። እኔ እንዲህ አልልም። ብዙው ነገር ጠባብና አስቀያሚ ነበር፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ማዕዘን ስም ነበረው፣ እያንዳንዱም ስም የሚጠራው ሰው ነበረው። አሁን በዚያው ስሄድ እግሬ በሌለ ደረጃ ላይ ሊወጣ ይነሣና አየር ይረግጣል።

ከቢሮው ወርዳችሁ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ስትቃረቡ የወይዘሮ አስካለ ጨርቃ ጨርቅ መደብር ይገኝ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ እትዬ አስካለ ይላቸዋል። መደርደሪያቸው ላይ ከፋይ፣ ሐር፣ ሳቲንና ዳንቴል በቀለም ቅደም ተከተል ይደረደራል። ሙሽራ ሁሉ ወደ ሰርጓ ከመሄዷ በፊት በእርሳቸው በር ታልፋለች። ጨርቅን ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው ይፈትሹታል፤ ቀለምን ግን መንገድ ላይ አውጥተው፣ በፀሐይ፣ በሁለት ዓይናቸው ካላዩ አይገዙም። እኔ በሕግ ተመርቄ ሥራ ስጀምር የለበስኩትን ኮት ጨርቅ የመረጡልኝ እርሳቸው ናቸው። ደማቅ ሰማያዊ ፈልጌ ነበር። «አንቺ ሲያዩሽ የሚፈሩሽ ሰው ነው መሆን ያለብሽ» ብለው ጥቁር ግራጫ ቆረጡልኝ። ምክራቸውን ከሚገባው በላይ ሳልከተል አልቀረሁም።

እትዬ አስካለ በዓመት ሁለት ጊዜ ጨርቅ ለመምረጥ ወደ ውጭ ይበራሉ። በአንደኛ ማዕረግ ካልሆነ አይሳፈሩም ነበር። ይህ ለድሎት አልነበረም። በዚያ ዘመን ብቻዋን የምትበር ነጋዴ ሴት፣ በየደረሰችበት፣ የማን ሚስት እንደሆነች ትጠየቃለች። «ከፊት ስትቀመጪ ጥያቄው ይቀንሳል» ይሉኝ ነበር።

ለማያውቅ ሰው የቢሮአችንን አንድ ልማድ መግለጽ ይኖርብኛል፤ ሁሉም ነገር የሚነሣው ከእርሱ ነውና። ወደ ውጭ የሚሄዱት አውሮፕላኖች አብዛኛዎቹ የሚነሡት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። በትኬቱ ላይ ማክሰኞ ተብሎ ይጻፋል። የእኛ ሰው ግን ቀን የሚጀምረው ሲነጋ እንደሆነ ከእናቱ ቤት ተምሮ ነው የመጣው፤ ስለዚህ ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ዘመድ ሲሰናበት ይውልና፣ ማክሰኞ ማታ ሻንጣውንና ግማሽ ቀበሌውን ይዞ አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳል። አውሮፕላኑ ከሄደ ቀኑን ሙሉ ሆኖታል። ይህ በየሳምንቱ ይደርስ ነበር። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ትኬት ሁሉ ላይ በእርሳስ «ለማክሰኞ አጥቢያ» ብለን እንጽፋለን፤ ከዚያም መንገደኛውን ጮክ ብሎ እንዲደግምልን እናደርገዋለን።

«እስኪ ይድገሙልኝ፣ አባባ።»

«ሰኞ ማታ አልጋዬ ላይ አልተኛም።»

«የት ነዎት?»

«እናንተ ጋ። ኧረ በቃኝ፤ ለቁርባን እንኳ እንዲህ አልተጠየቅኩም!»

አለቃችን አቶ ለይኩን በዚህ ልማድ ያፍሩ ነበር። ውጭ አገር ሠልጥነው የመጡ፣ ሲጋራቸውን ግማሽ ላይ የሚያጠፉ፣ ወንበራቸው ላይ ጃኬታቸውን አንጠልጥለው በሸሚዝ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ረቂቅ ላከ። የእኛ አየር መንገድና አንድ ሌላ አየር መንገድ አጋር ሊሆኑ ነው፤ የአንዱ ባለ ከፍተኛ ማዕረግ መንገደኛ ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን ሲሸጋገር በሌላው ማረፊያ ክፍል እንዲያርፍ ተስማምተዋል፤ ወኪሎች አስተያየት ይስጡ። ረቂቁ መንገደኛው በክፍሉ መቆየት የሚችለው «በዚያው ዕለት» ነው ይላል። ሕግ የተማርኩት በቢሮው ውስጥ እኔ ብቻ ስለነበርኩ አስተያየቱን እንድጽፍ ተሰጠኝ።

ማታ ወርዶ ሊነጋጋ ሲል የሚነሣ መንገደኛ ምን ይሆናል? ይህን ለመጠየቅ ትምህርት አያስፈልግም፤ በዚያ መስኮት አንድ ወር መቀመጥ ይበቃል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። የመጀመሪያው፣ የመንገደኛው ዕለት የሚያበቃው እኩለ ሌሊት ላይ ሳይሆን በማግስቱ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው ይላል። ሁለተኛው፣ መብቱ የትኬቱ ባለቤት ብቻ እንጂ የአጃቢ አይደለም ይላል። ሁለተኛውን የጨመርኩት አስቤበት ነው። የእኛ ሰው ብቻውን አይሄድም፤ አንዱን ያስገባ በር አሥሩን ያስገባል። ክፍሉ የሰርግ ድንኳን ይሆናል ብለው እንዳይፈሩና የመጀመሪያውን እንዳይጥሉብኝ፣ ሁለተኛውን ከወዲሁ ሰጠኋቸው። በቂ ዋጋ መስሎኝ ነበር።

አቶ ለይኩን አነበቡት። ከዚያ ጮክ ብለው፣ ሠራተኛው ሁሉ እንዲሰማ፣ እንደገና አነበቡት።

«ትርሲት፣ የእናትሽን ቤት ሰዓት ለፈረንጅ ልታስተምሪ ነው?»

«የማስተምረው ነገር የለም። ማታ የገባ ሰው ሌሊት እንዳይወጣ ነው።»

«ተይ እንጂ! ነገ ደግሞ ጳጉሜን አስገቡልን በያቸው።»

ቢሮው ሳቀ። ካሴት ቤቱ ያቺን እንጉርጉሮ ይዘፍናል። ወረቀቱን አልላኩትም፤ ረቂቁ እንዳለ ጸደቀ። ስለ ሳቁ ዛሬም ግድ የለኝም። አለመላኩ ግን ሰው ላይ ደረሰ፤ የደረሰውም ለማንም ሳይሆን ለእትዬ አስካለ ነው።

ከጉዟቸው በተመለሱ በማግስቱ ሱቃቸው ሄድኩ። ሻንጣቸው ገና አልተፈታም። ሁለት ደንበኞች ሳቲን ያስቆርጣሉ። እትዬ አስካለ መቀሱን ይዘው፣ ጨርቁን ሳያዩ፣ ነገሩኝ።

«ማታ ገባሁ። በክብር ተቀበሉኝ። ወንበሩ እንደ አልጋ ነው። አውሮፕላኑ ሊነጋ ጥቂት ሲቀረው ነው የሚነሣው፤ አረፍ ልበል ብዬ ጫማዬን አወለቅኩ። እኩለ ሌሊት ላይ አንዷ መጥታ ነካ ነካ አደረገችኝ። ሰዓቷን ታሳየኛለች። ቀንሽ አልቋል፣ ተነሺ!»

«ምን አሏት?»

«ገና አልነጋም አልኳት። በጣሊያንኛ ነው ያልኳት፤ የማውቀው እሱን ነው። አልሰማችኝም። ጫማዬን በእጄ ይዤ ነው የወጣሁት፣ ትርሲት። ከፋይ ካፖርቴን ለብሼ፣ ሻንጣዬን ታቅፌ፣ ብረት ወንበር ላይ አደርኩ። አላፊ አግዳሚው እንደ ሌባ ያየኛል።»

«ምን አርገው ነው ግን፣ እትዬ?» አለች ሳቲን ገዢዋ።

«ብስኩታቸውን ጨርሼባቸው ይሆናላ!» አሉና ሴቶቹ ሲስቁ አብረው ሳቁ። ከዚያ ጨርቁን ቆረጡ፤ ቅርጡ ተጣመመ። እትዬ አስካለ ጨርቅ ሲያጣምሙ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ከእንግዲህ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ተነሺ የምባልበት ቦታ ላይ አልቀመጥም።»

ቃላቸውን ጠበቁ። ከዚያ በኋላ አልበረሩም። ጨርቅ ከመርካቶ አስመጪዎች መግዛት ጀመሩ፤ ሌላው የመረጠውን ቀለም፣ ሌላው የፈተሸውን ሐር። መደርደሪያው ቀስ በቀስ ሳሳ፤ ሙሽሮቹም ወደ ሌላ በር ሄዱ። አቶ ለይኩን ግን ታሪኩን ሰምተው ነበር። በተከታዩ የወኪሎች ስብሰባ ላይ አንዲት የተከበረች ነጋዴ ጫማዋን በእጇ ይዛ እንዴት እንደተባረረች በሚያሳዝን ድምፅ ተረኩ፤ ከዚያም ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮቼን አቀረቡ። ደንቡ ተሻሻለ። ይህን የነገሩን ራሳቸው ናቸው፤ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት በእድገት ሲሄዱ ባደረግንላቸው የሽኝት ግብዣ ላይ፣ ብርጭቆ እያነሡ። እኔ በወሩ ሥራውን ለቅቄ ስድስት ኪሎ ገባሁ። የትራንስፖርት ሕግ አስተማርኩ፤ ዶክትሬቴን ያዝኩ፤ በየዓመቱ ያንን ደንብ የጥሩ አረቃቀቅ ምሳሌ አድርጌ ለተማሪዎቼ ሰጠሁ። ማን እንዳረቀቀው አንድም ተማሪ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ያልተጠየቅኩትን አልመልስም።

ዛሬ እትዬ አስካለ ከሥላሴ በታች ባለች አንዲት ግቢ ውስጥ ይኖራሉ። አንደኛው ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ዘንድሮ ሁለተኛውም መደብዘዝ ጀመረ። ሐኪሙ ነገሩን አላሽሞነሞነውም፤ ውጭ ሄደው በቶሎ ካልተሠራላቸው የቀረው ብርሃን ይሄዳል። የእኅታቸው ልጆች ተረባርበው የቢዝነስ ክላስ ትኬት ሊቆርጡላቸው ተዘጋጁ፤ ወገባቸው በጠባብ ወንበር አይታጠፍምና። መንገዱ በአንድ አየር መንገድ ተጀምሮ በአጋሩ የሚቀጥል ነው። ማታ ወርደው ሊነጋጋ ሲል ይነሣሉ። ከተማውም ያው የድሮው ከተማ ነው። እትዬ አስካለ ይህን ሲሰሙ አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፤ «አልሄድም።» ልጆቹ አለቀሱ፤ ከዚያም እኔን ጠሩ።

«ዓይንዎ ነው እኮ፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ዓይኔማ በዚያ ቦታ ያየው ይበቃዋል።»

«ደንቡ ተለውጧል። እስኪነጋ ማንም አያስነሣዎትም።»

«ደንብማ ያኔም ነበር። የሚያነበው ሰው ነው እንጂ ራሱን አያነብም።»

«እኔ አብሬዎት ሄጄ አነብላቸዋለሁ።»

በማያየው ዓይናቸውም በሚያየውም ወደ እኔ ዞሩ። «ታነቢላቸዋለሽ?»

«ከመሄዳችን በፊትም አነብላቸዋለሁ።»

ፊታቸውን ወደ ቁም ሣጥኑ መለሱ። «ያ ካፖርት የት ገባ?» አሉ በመጨረሻ። እሺታቸው ይህ ነበር።

እትዬ አስካለ የእኔንም ትኬት ከፊት ልግዛ ብለው ተሟገቱኝ፤ እምቢ አልኩ። የመምህር ጡረታ ከኋላ ያስቀምጣል፤ ከኋላ መቀመጥ አላዋረደኝም። አቶ ለይኩንን በኬክ ቤቱ ባገኘሁበት ዕለት ጠዋት፣ እዚያው ፒያሳ በሚገኝ የመስተዋት ሕንጻ ውስጥ ወዳለ የጉዞ ወኪል ቢሮ ሄድኩ። ጥፍሯን በጥንቃቄ የተቀባች ወጣት ስክሪኗን እያየች ተቀበለችኝ።

«ማዘር፣ ላውንጅ ይገባሉ፤ ግን እስከ መነሻቸው አይቆዩም። የሚያስቆያቸው እስከ ሌሊት ስድስት ሰዓት ብቻ ነው።»

«ማዘር አይደለሁም፤ ዶክተር ትርሲት ነኝ። ይህ የት ነው የተጻፈው?»

«ይኸው፣ ስድስት ሰዓት ይላል።»

«በማን ሰዓት?»

«እንዴት በማን ሰዓት?»

«ስክሪኑን የሠራው ሰው ፒያሳ ነው ያደገው?»

ጣቷ ከቁልፎቹ ላይ ተነሣ። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች፤ ከንፈሯ ሲቆጥር አየሁት። እኔ አሥራ ሁለት ሰዓት ብዬ የጻፍኩት ንጋት፣ ባሕር ተሻግሮ በእነርሱ አቆጣጠር ስድስት ሆኖ ነበር፤ ተመልሶ ፒያሳ ሲደርስ ደግሞ በእኛ ልጅ አፍ እኩለ ሌሊት ሆኖ አረፈ። ይህን ያህል ርቀት የተጓዘ ዓረፍተ ነገር ደጃፉ ላይ ሲሞት ማየት፣ ለእኔ፣ አቶ ለይኩን ካደረጉት ሁሉ የከፋ ነበር።

«ውይ በማርያም» አለች። «ለስንቱ ሰው እንዲህ ብያለሁ!»

«ለእኔ በጊዜ ታርሟል። አሁን ለአጋሩ አየር መንገድ ደውይና እስከ ንጋት እንደሆነ አረጋግጪልኝ።»

«አሁን ሥራ ይበዛባቸዋል፤ ከሰዓት ልደውልልዎት?»

«አልቸኩልም» ብዬ ፊት ለፊቷ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ቦርሳዬንም ጭኔ ላይ አደረግኩ። ሌሎች ደንበኞች መጡ፣ ሄዱ። ሻይ ጋበዘችኝ፤ አመስግኜ ተውኩት። እንዲህ ያለ ወንበር ላይ በጨዋነት የተቀመጠ ሽማግሌ ሰው ለቢሮ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ በሌላው በኩል የተቀመጥኩበት ስለሆነ አውቀዋለሁ። ደወለች። ተረጋገጠ። በጉዞው መዝገብ ላይም አስፈረች።

«እርስዎ ግን ኢኮኖሚ ነዎት፤ አይገቡም» አለች፣ አሁን በእውነት አዝና። «ለአረጋዊ አጃቢ አንዳንዴ በትብብር ይፈቅዳሉ። ልጠይቅልዎት?»

«አይጠየቅ።»

«ምን ይጎዳል፣ ዶክተር?»

ቦርሳዬን አንሥቼ ተነሣሁ። ስወጣ ግን የሚቀጥለውን ደንበኛ «እስኪ ይድገሙልኝ፣ አባባ፤ ማታ ነው ወይስ ለአጥቢያው?» ስትለው ሰማሁ። ማንም አላስተማራትም። ማኪያቶ ያማረኝ ያን ጊዜ ነው።

በዚያ ከተማ ማታ ወረድን። እትዬ አስካለ ከዘራ ይዘው ከፋይ ካፖርታቸውን ለብሰዋል፤ ክርኑ ላይ ሳስቷል፣ የናፍታሊን ሽታውም አብሮን ሲሄድ ያ መደርደሪያ፣ ያ መቀስ፣ ያ የሳቲን ድምፅ ሁሉ በረጅሙ የመስተዋት መተላለፊያ ውስጥ ከእኛ ጋር ይራመዳል። ክንዴን የያዙበት እጃቸው ማረፊያ ክፍሉ በር ላይ ስንደርስ ጠነከረ። በረኛው ወጣት ነው። ትኬታቸውን ተቀበለ፤ ስክሪኑን አየ፤ ለመናገር የተዘጋጀሁትን ሁሉ ሳልናገር፣ እስከ ማለዳ ድረስ መቆየት እንደሚችሉ ነገረኝ።

«ምን አለ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«እስኪነጋ አለ።»

«አንብበሽለት ነው?»

«ራሱ አነበበው።»

«አንቺስ?»

«እዚሁ ነኝ።»

አልዋሸሁም። አንዲት ሠራተኛ ክንዳቸውን ተቀብላ አስገባቻቸው፤ ከኋላቸው እንደምከተል አስበው ሄዱ። እኔ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው የብረት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ቆይቶ በረኛው ወጣ። ጨዋ ልጅ ነው። ክፍሉ ባዶ እንደሆነ፣ ብገባ እንዳላየ እንደሚሆን ነገረኝ። አመስግኜ እምቢ አልኩት። ግራ ገባው፤ ኩራት መስሎት ይሆናል። ኩራትም አለበት። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ በዚያ በር እትዬ አስካለ የገቡት በመብት ነው፤ ሰው አዝኖላቸው አይደለም። በዚያው በር እኔ በሰው ችሮታ ብገባ፣ ነገ ሌላው በረኛ አዝኖ የሚያስገባ፣ ተናዶ የሚያስወጣ ይሆናል። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። የታገልኩለትን ነገር በሰውነቴ ሳውቀው የመጀመሪያዬ ነው።

ከመስተዋቱ ባሻገር ሰማዩ መገርጣት ገና ሳይጀምር በሩ ተከፈተ። እትዬ አስካለ ከዘራቸውን እያንኳኩ ወጡ፤ ጫማቸውን በደንብ አሥረዋል። በረኛው ከኋላቸው ይከተላል።

«ትርሲት!»

«እዚህ ነኝ፣ እትዬ።»

ድምፄን ተከትለው መጡ። በመዳፋቸው ወንበሩን ነኩት፤ ብረቱን ለዩት። «እዚህ ነው ያደርሽው?»

«አጃቢ አይገባም።»

«ማን አባቱ ነው እንዲህ ያለ ደንብ ያወጣው?»

ከአቶ ለይኩን ሽኝት ጀምሮ፣ በዚያ ሁሉ ክፍልና በዚያ ሁሉ ዓመት፣ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«እኔ» አልኩ።

ቀጥ ብለው ቆሙ። በቀራቸው ብርሃን ፊቴን ፈለጉት። «እስኪነጋ የሚለውንስ?»

«እሱንም።»

«ልበ ደረቅ!» አሉኝ፤ ከዚያም ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ «ተጠጊ» ብለው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ካፖርታቸውንም አውልቀው ጉልበታችን ላይ ዘረጉት። በረኛው ጎንበስ ብሎ በእጁ ወደ በሩ አመለከተ።

«ምን ይላል?»

«ገና ጊዜ አለዎት፤ ተመልሰው መግባት ይችላሉ ይላል።»

«ንገሪው» አሉ እትዬ አስካለ፣ የካፖርቱን ጫፍ በአውራ ጣታቸው እየፈተሹ። «ማንም አላስወጣኝም በይው። እኔ ነኝ የወጣሁት።»

ቃል በቃል ተረጎምኩለት።